«ምጣዱ ድሮም ይነዝራል»፦ ስለ አሮጌ ሶኬትና ስለ ኧርዝ ሽቦ

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አላወራም። የማወራው ስለ ሶኬት ነው። «ዶክተር፣ ኤሌክትሪሽያን ሆኑ እንዴ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። አልሆንኩም። ግን ሐኪም ቤት የሚመጣው ብዙው ጉዳት የሚጀምረው ማድ ቤት ነው፣ ሻወር ቤት ነው፣ ከአልጋ ጀርባ ካለችው የተሰነጠቀች ሶኬት ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ ከሰዓት በኋላ መካኒሳ አቦ ካለ አንድ ግቢ ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ የ19 ዓመት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሌላዋ አሠሪዋ ናቸው። የልጅቷ የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ጫፍ ላይ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የጠቆረ ትንሽ ቁስል አለ። ፊቷ ገርጥቷል። «ልቤ እየዘለለ ነው» ትላለች።

«ምን ሆነሽ ነው እህቴ?»

«ኮረንቲ ያዘኝ ዶክተር።»

«ከምን?»

«ከምጣዱ።»

«ከዚህ በፊትስ አድርጎሽ ያውቃል?»

«አይ፣ ምጣዱ ድሮም ይነዝራል። ዛሬ ግን ያዘኝ።»

አሠሪዋ ጣልቃ ገቡ። «እኔ ሁልጊዜ ጫማ ሳታደርጊ ምጣድ እንዳትነኪ እላታለሁ። ዛሬ ማድ ቤቱን አጥባ በባዶ እግሯ ጋገረች።»

ሴትየዋን አልወቅሳቸውም። ጩኸቷን ሲሰሙ ልጅቷን ለመጎተት አልሞከሩም፤ ሮጠው ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ነው ያወረዱት። ልጅቷ በእግሯ ወደ እኔ የመጣችው በዚያ ምክንያት ነው። ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። «ጫማ አድርጊ» የሚለው ምክር በስንት ቤት አለ? ምጣዱ እንደሚነዝር ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል፤ ልጆቹ ያውቃሉ፤ እንግዳ እንኳን ሲመጣ ይነገረዋል። እንደ ቤቱ ጠባይ ተቆጥሮ አብሮ ይኖራል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ውሻችሁ ቤተሰቡን ቢነክስ «እሱ ድሮም ይነክሳል፣ ወፍራም ሱሪ ልበሱ» ብላችሁ ታልፋላችሁ?

በ«ነዘረኝ» እና በ«ያዘኝ» መካከል

ልጅቷ ሳታውቀው ትልቅ ሕክምና ነገር ነው የተናገረችው። አማርኛችን ለኮረንቲ ሁለት ቃል አለው፤ ነዘረኝ እና ያዘኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር የተለካ ነው።

ኮረንቲ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የሚለካው በሚሊ አምፒር ነው፤ የአንድ አምፒር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። 1 ሚሊ አምፒር ገደማ ሲሆን ሰው «ይነዝራል» የሚለው ስሜት ይመጣል። ከፍ ሲል ያማል፣ እጅ ይሸሻል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እጅ መሸሽ ያቅተዋል። ምክንያቱም እጅን የሚጨብጡት ጡንቻዎች ከሚከፍቱት ይበልጣሉ፤ ኮረንቲው ሁሉንም አንድ ላይ ሲያኮማትራቸው ጨባጮቹ ያሸንፋሉ። ሰውየው መልቀቅ ይፈልጋል፣ እጁ ግን ይበልጥ ይጨብጣል። «ያዘኝ» ያልነው እሱን ነው። በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ቻርልስ ዳልዚል የሚባል የኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ይህችን ወሰን በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ለክቷታል። በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፒር ሆኖ አገኘው። ልብ በሉ፤ ሴቶችን ለመያዝ ያነሰ ኮረንቲ ይበቃል። እኛ አገር ደግሞ ምጣድ ፊት የሚቆመው ማን ነው?

ከ20 እስከ 30 ሚሊ አምፒር ሲደርስ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይታሰራሉ። ከ50 እስከ 100 ሚሊ አምፒር የሚሆን ደግሞ በደረት በኩል አንድ ሁለት ሰከንድ ካለፈ ልብ ደም መርጨቱን ትቶ ዝም ብሎ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል፤ ፊብሪሌሽን እንለዋለን። በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ያልፋል።

ይሄ ስንት ነው? የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል እንኳን 40 ሚሊ አምፒር ገደማ ይወስዳል። ሰውን ለመግደል የሚበቃው ኮረንቲ አንዲት ትንሽ አምፖል ከምታበራበት ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አንሞትም? ቆዳችን ስለሚከላከልልን ነው። ደረቅ፣ ጠንካራ የእጅ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም ሊቋቋም ይችላል። በ220 ቮልት ሲሰላ የሚያልፈው 2 ሚሊ አምፒር ገደማ ነው፤ ነዘረኝ ብሎ ያልፋል። ያው እጅ ሊጥ ሲነካ፣ ያው እግር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ባዶውን ሲቆም ግን መቋቋሙ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። ያኔ የሚያልፈው 220 ሚሊ አምፒር ነው። ምጣዱ ያው ነው፣ ሶኬቱ ያው ነው፣ ልጅቷም ያቺው ናት። የተለወጠው ወለሉ መታጠቡ ብቻ ነው።

«ብሬከር አለን፣ ምን እንሆናለን?»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እኔም ራሴ ለዓመታት ተሳስቼ ኖሬያለሁ። ቆጣሪው አጠገብ ያለችው ተራዋ ብሬከር የተሠራችው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ለሰው አይደለም። 16 አምፒር የሚል ከተጻፈባት፣ 16 አምፒር ማለት 16,000 ሚሊ አምፒር ነው። እናንተን 200 ሚሊ አምፒር ይዟችሁ እየገደላችሁ ቢሆን ብሬከሯ ነገሬም አትለው። ለእሷ አንድ ተጨማሪ ቴሌቪዥን የተከፈተ ያህል ነው።

ለሰው የተሠሩት ሁለት ናቸው፤ ኧርዝ ሽቦ እና አር ሲ ዲ የሚባል መሣሪያ።

ኧርዝ (ግራውንድም፣ የመሬት ሽቦም ይባላል) ቀላል ሐሳብ ነው። የምጣድ፣ የፍሪጅ፣ የካውያ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገላ ብረት ነው። በውስጡ ያለው የፌዝ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረቱን ከነካ ብረቱ በሙሉ 220 ቮልት ይሆንና አንድ ወደ መሬት የሚወስደው ሰው ይጠብቃል። ኧርዝ ሽቦ ያንን ብረት ቀድሞ ከመሬት ጋር ያገናኘዋል፤ ኮረንቲው በእናንተ በኩል ከሚሄድ በሽቦው ይሄዳል። ከፖል ወደ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚገባው ሁለት ሽቦ ነው፤ ፌዝ እና ኒውትራል። ሦስተኛውን፣ ኧርዙን፣ የቤቱ ባለቤት ነው በግቢው ውስጥ የሚያሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 ሜትር በላይ የሚረዝም በመዳብ የተለበጠ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ከሱ የተነሳ ሽቦ ወደ ማከፋፈያው ሳጥንና ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ይደርሳል። ታዲያ ባለቤቱ ካላሠራው ማንም አያሠራለትም። መብራቱ ያለሱም ይበራል፣ ምጣዱም ያለሱ ይግላል፤ ስለዚህ መጉደሉ አይታወቅም። ደንብ ጠፍቶ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ 10ኛው መጽሐፍ ስለ ሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ብቻ የተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጉድ አለ። ዘንግ መቅበር ብቻውን አይበቃም። የቀበራችሁት ዘንግ ከአፈሩ ጋር ያለው መቋቋም 50 ኦም ነው እንበል። ምጣዱ ብረቱን ሲነካ ወደ መሬት የሚሄደው 220 ሲካፈል ለ50፣ ማለትም 4.4 አምፒር ነው። 16 አምፒር የምትጠብቀው ብሬከር አትወርድም! ብረቱም ኮረንቲ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ አር ሲ ዲው ያስፈልጋል። ይሄ መሣሪያ በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያነጻጽራል። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከ30 ሚሊ አምፒር በላይ ከጎደለ «የሆነ ቦታ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው» ብሎ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያጠፋዋል። ያ ሴቶችና ወንዶችን የለካው ዳልዚል በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን ዓይነቱን መከላከያ ለቤት እንዲሆን አድርጎ ሠራው፤ ሰውን ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚይዘው ያወቀ ሰው መሣሪያውን ቢሠራ አይገርምም። ሲገዛ ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፒር የሚል መጻፉን እዩ፤ 100 እና 300 የሚልም አለ፣ እሱ ለእሳት መከላከያ እንጂ ለሰው አይሆንም።

ኧርዝ ካለ፣ አር ሲ ዲው ምጣዱ በተበላሸባት ቅጽበት፣ ማንም ሳይነካው ይወርዳል። ኧርዝ ከሌለ ደግሞ የሚወርደው እናንተ ስትነኩት ነው፤ አንዴ ይመታችኋል፣ ግን ይለቃችኋል። ሁለቱም ቢኖሩ የሚመረጠው ለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን ከአር ሲ ዲው ጀምር እለዋለሁ።

የእኛ ሰፈር ቤቶች

መካኒሳ አቦ አካባቢ ያለውን ቤት ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት የቆየ ቪላ፣ ከጀርባው በየጊዜው እየተጨመረ የሄደ ሰርቪስ ቤት። ቪላው ሲሠራ ምናልባት ኧርዝ ነበረው። ሰርቪሶቹ ግን መብራት ያገኙት ከዋናው ቤት በተሳበ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ነው፤ በኮርኒስ ወይም በአጥር ላይ። ሁለት ሽቦ ውስጥ ሦስተኛ ሽቦ አይኖርም። ማድ ቤቱ ያለው ደግሞ ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ ምጣዱ ያለው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ማለትም የቤቱ ከባዱ ዕቃ የቤቱ ደካማ መስመር ላይ ነው የተቀመጠው።

ምጣድ ስንል ወደ 3,500 ዋት የሚወስድ ዕቃ ነው። ለ220 ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይሆናል። አንድ ደህና ሶኬት የሚችለው ጣሪያው 16 አምፒር ነው፤ ብዙዎቹ አሮጌዎችና ርካሾቹ 10 ናቸው። ሶኬቷ ውስጥ ያለው መቆንጠጫ በዕድሜ ላልቶ ግማሽ ኦም የሚያክል መቋቋም ብታመጣ፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 128 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ከድሮው የ100 ሻማ አምፖል ይበልጣል፤ ያውም ፕላስቲክ ውስጥ፣ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ። የጠቆረች፣ የቀለጠች፣ ስፒናው ሲገባ የምትንቀጠቀጥ፣ ጭስስ የምትል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የምትሸት ሶኬት ካለቻችሁ ምልክቱ እሱ ነው። ናስትሮ ጠምጥማችሁ አትለፏት። ጋግራችሁ ስትጨርሱ ነቅላችሁ የስፒናውን እግሮች ተመልከቱ፤ ጠቁረው ወይም ሰማያዊ ሆነው ከሆነ ሶኬቷ አልቃለች።

ሌላው ችግር ከዱባይ የመጣ ዕቃ ነው። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና ይዞ ይመጣል፤ ሦስተኛው እግር ኧርዝ ነው። የእኛ ሶኬት ክብ ሁለት ቀዳዳ ነው። ምን እናደርጋለን? አዳፕተር እንገዛለን፣ እሱ ሦስተኛውን እግር ከምንም ጋር አያገናኘውም። ወይም ዲቫይደር ላይ በእስክሪፕቶ ክዳኑን ከፍተን ሁለት እግር እንሰካለን። ወይም ያቺን «ትርፍ» እግር በፒንሳ እንቆርጣለን። ፋብሪካው ሕይወታችሁን ለማትረፍ የጨመራትን እግር።

ሶኬቱ ኧርዝ አለው ወይስ ያለው ይመስላል?

ባለ ሁለት ቀዳዳ ብቻ የሆነች ሶኬት ኧርዝ የላትም፤ ነገሩ አለቀ። ከላይና ከታች የብረት ምላስ ያላት ግን ታሳስታለች። ምላሱ አለ ማለት ከጀርባው ሽቦ አለ ማለት አይደለም። አሮጌውን ሶኬት ነቅሎ አዲስ ባለ ምላስ መግጠም የ10 ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያማረ ሶኬት ይሆናል፣ ኧርዙ ግን የለም።

ባለሙያው በመልቲሜትር ሲለካ ከጎኑ ቆማችሁ ሦስት ቁጥር ጠይቁት። ከፌዝ ወደ ኒውትራል 220 አካባቢ። ከፌዝ ወደ ኧርዝ ያው 220 አካባቢ። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት። ሁለተኛው ቁጥር ዜሮ ወይም እንደ 60 እና 90 የመሰለ የሚዋልል ነገር ከሆነ ኧርዝ የላችሁም። ቁጥሮቹ ትክክል ሆኑ ማለት ደግሞ ኧርዙ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። መልቲሜትር የሚወስደው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ስለሆነ በዛገ ሽቦም «220» ይላል። የዘንጉን መቋቋም የሚለካ የራሱ መሣሪያ አለ፤ ያለው ባለሙያ ብታገኙ ጥሩ ነው። በጋ ላይ አስለኩት። እዚህ በደቡቡ የከተማው ክፍል ብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ረጥቦ ዘንጉን ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ መጋቢት ላይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ከዘንጉ ይላቀቃል። በነሐሴ የተለካ ያማረ ቁጥር የመጋቢቱን አይነግራችሁም።

አሁን የምነግራችሁን በጥሞና አንብቡት። አንዳንድ ሰው ኧርዝ ሲጠየቅ ሶኬቷ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዙ ምላስ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኘውና «ይኸው ኧርዝ» ይላል። በመልቲሜትር ሲለካ ፍጹም ይመስላል! ግን አንድ ቀን በነፋስ ወይም በዝገት ኒውትራሉ ከፖሉ ወይም ከቆጣሪው ቢላቀቅ፣ የፍሪጃችሁ፣ የምጣዳችሁ፣ የማጠቢያ ማሽናችሁ ገላ በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ዕቃው ሳይበላሽ ማለት ነው። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ከዚህ ይሻላል። ከኒውትራል እስከ ኧርዝ ሲለካ ድፍን ዜሮ ከሆነ ጠርጥሩ፤ ሶኬቷን ከፍተህ አሳየኝ በሉ።

የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰርም እንዲሁ። ድሮ ቧንቧው ብረት ስለነበር ይሠራ ነበር። ዛሬ ሜትር ሁለት ሜትሩ በፕላስቲክ ተቀይሯል። ያኔ ኮረንቲው ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ጎረቤታችሁ ሻወር ነው የምትልኩት።

ሻወር ካነሳን፣ ራስ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ከ3,500 እስከ 5,500 ዋት ይወስዳል፤ እስከ 25 አምፒር ማለት ነው። ከተራ ሶኬት መሰካት የለበትም። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ኧርዝ እና አር ሲ ዲ ይፈልጋል። እነዚህ ካልተሟሉ በባልዲ መታጠብ ይሻላል፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ልጅቷ ቤት ምን ተገኘ?

አሠሪዋ በዚያው ሳምንት ኤሌክትሪሽያን አስመጡ፤ እኔም ከሥራ ስወጣ ጎራ ብዬ አየሁት። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደስ አለኝ። ብሬከሩን አወረዱ፣ ከዚያ ቴስተራቸውን ሌላ የሚሠራ መስመር ላይ ሞክረው መሥራቱን አረጋገጡ፣ ከዚያ ነው ማድ ቤት ያለችውን ሶኬት የፈተኑት። «የሞተ ቴስተር ሁሉም ቦታ መብራት የለም ይልሃል» አሉኝ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ሶኬት የምትፈቱ ሰዎች ይሄን ስሙ፤ መብራቱ በየትኛው ደቂቃ እንደሚመጣ አታውቁም፣ ብሬከሩን አውርዱ።

ሶኬቷ ባለ ምላስ ናት። ከጀርባዋ የመጣው ሽቦ ሁለት ብቻ ነው፤ ያውም ቀጭኑ፣ ለመብራት የሚሆነው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ። አንደኛው ጫፉ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ምጣዱን ሲገለብጡት የውስጡ ሽቦ ልባሱ አልቆ የብረቱን ጠርዝ ተደግፏል። ያ «ድሮም ይነዝራል» የተባለው እሱ ነበር፤ ለስንት ጊዜ እንደቆየ ማንም ማስታወስ አልቻለም።

የሠሩት ይሄን ነው። ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ ማድ ቤት ባለ ሦስት ሽቦ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ አዲስ መስመር ለብቻው ሳቡ። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ፣ አፈሩ ሁልጊዜ በሚረጥብበት ቦታ ዘንግ ቀበሩ። ሳጥኑ ላይ አር ሲ ዲ ገጠሙ። አዲስ ሶኬት ሲገጥሙ የተቃጠለውን መዳብ ቆርጠው ንጹሕ ጫፍ አወጡ፣ ብሎኑን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት። በቀለም አልተማመኑም፤ በአሮጌ ቤት ቀይ ኒውትራል፣ ጥቁር ፌዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በመጨረሻ አር ሲ ዲው ላይ ያለችውን የ«ቲ» ፊደል የተጻፈባትን ቁልፍ ጫኗት፤ ቷ ብሎ ወረደ። ይህችን ቁልፍ በወር አንዴ ራሳችሁ ጫኗት። ካልወረደ መሣሪያው ሞቷል።

ዋጋውን አልጽፍም፤ መርካቶ ላይ ሳምንት በሳምንት ይለዋወጣል። ከአንድ ቀን የሆስፒታል አልጋ ጋር ግን እኔ አወዳድሬዋለሁ።

ማን ይሥራላችሁ? የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፤ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰፈር ውስጥ ያለውን «መብራት የሚሠራ ልጅ» ለማጣጣል አይደለም፤ ጎበዝ ብዙ አለ። ግን ኧርዝን በምን እንደሚለካ ጠይቁት። «ኧረ ምንም አይልም፣ እኔ ስንቱን ሠርቻለሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

ተከራይ ከሆናችሁ ነገሩ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። አከራይ ቤቱን አያስነካም፣ ወይም «ካልተመቸህ ልቀቅ» ይላል። በትህትና የጠቆረችውን ሶኬት ፎቶ አሳዩአቸው፤ ለልጆች ደኅንነት ከሚለው ይልቅ «ቤትዎ ሊቃጠል ይችላል» የሚለው ቶሎ ይሰማል። እስከዚያው ምጣዱ የሚነዝር ከሆነ አትጋግሩበት። አስጠግኑት፣ ወይም ለጊዜው እንጀራ ግዙ። የቤት ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጅቷ «ይነዝራል» ካለቻችሁ ያን ቀን ምጣዱ ይነቀል። እሷ ሄዳ «አልጋግርም» ማለት አትችልም፤ እናንተ ናችሁ የምትሉት።

ኮረንቲ የያዘው ሰው ስታዩ

በእጃችሁ አትንኩት! እሱን የነካ ሁሉ እሱን ይሆናል። ብሬከሩን አውርዱ ወይም ከቆጣሪው አጥፉ። ያ በቅርብ ካልሆነና ስፒናው በደህና የሚደረስበት ከሆነ ንቀሉ። ይህም ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቆማችሁ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት እጁን ከብረቱ አስለቅቁ። እርጥብ እንጨት አይሆንም። ፖል ላይ የተያዘ ወይም የተበጠሰ የመንገድ ሽቦ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ግን እንጨትም አይሠራም፤ በሩቁ ቆማችሁ ሰው አስርቁ፣ 905 ደውላችሁ መስመሩ እንዲቋረጥ አድርጉ።

ኮረንቲው ከተቋረጠ በኋላ ሰውየውን መንካት ትችላላችሁ፤ ኮረንቲ በሰውነት ውስጥ ተቀምጦ አይቆይም። አፈር ላይ አስተኙት፣ አፈር አልብሱት፣ ኮረንቲውን ይስብለታል የሚል ሰው ቢመጣ ጊዜ አታባክኑ። ካልነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ይደውል፤ ሌላው የደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጁን ደርቦ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እየገባ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። አምቡላንስ እስኪመጣ አታቁሙ፤ ሲደክማችሁ ተቀያየሩ። በኮረንቲ የቆመ ልብ ብዙ ጊዜ የወጣት፣ ጤነኛ ልብ ነው፤ ቶሎ ከተጀመረለት የመመለስ ዕድል አለው። እሳት ከተነሳ ደግሞ 939 ነው፤ መብራቱ ሳይቋረጥ ውሃ አትድፉበት።

ቁስሉን ንጹሕ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቡና አታድርጉ፤ እኛ ያንን አጥበን ለማውጣት ስንታገል በሽተኛው ሁለት ጊዜ ይሰቃያል። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አምጡት።

የኮረንቲ ቃጠሎ እንደ ፈላ ውሃ ቃጠሎ አይደለም። ቆዳው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቁስል ሆና፣ ውስጥ ጡንቻው ተቀቅሎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቁስሉን ትንሽነት አይታችሁ አትዘናጉ። ራሱን ስቶ የነበረ፣ ልቡ የሚዘል፣ ደረቱን የሚያመው፣ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ያለፈበት፣ እጁ ያበጠና የደነዘዘ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሁሉም በዚያው ቀን ይታዩ። ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የሞተ ጡንቻ ወደ ኩላሊት እየሄደ ነው ማለት ስለሆነ አንድ ሰዓት እንኳን አትጠብቁ። ለከባድ ቃጠሎ የካቲት 12 ሆስፒታልና አቤት ሆስፒታል ክፍል አላቸው፤ ግን መጀመሪያ በቅርብ ያለው ጤና ተቋም ይድረስ። የእኛ ልጅ የልብ ምርመራዋ (ኢሲጂ) ደህና ነበር፣ ሽንቷም ንጹሕ፤ ጥቂት ሰዓት አቆይተን ሸኘናት፣ ጣቷም ድኗል።

ስለ ሕፃናት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወላጅ አያውቀውም። በዳዴ ያለ ልጅ የተሰካ የቻርጀር ወይም የዲቫይደር ገመድ ይነክሳል። ከንፈሩ ጥግ ላይ ግራጫ ቁስል ይሆናል፤ ብዙም አያለቅስም፣ አይደማም። ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ያ የሞተ ቆዳ ሲረግፍ ከሥሩ ያለው የከንፈር ደም ሥር በድንገት ሊፈነዳና ብዙ ሊደማ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ልጁ ተኝቶ እያለ። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ልጅ ቢድንም ባይድንም ሐኪም ይየው። ቤት እያለ ከደማ ከንፈሩን ከውስጥም ከውጭም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጭምቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ሳትለቁ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።